ሱቁን በካሬ አትለኩት፦ «ለትንሽ ንግድ ፋይበር ቅንጦት ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በቴሌግራም ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። ርዕሱ «ለትንሽ ንግድ ፋይበር ቅንጦት ነው» ይላል። ፋይበር ማለት በቀጭን የመስታወት ክር እስከ ቤት የሚገባው ቋሚ ኢንተርኔት ነው። እኔም ጋ ደርሷል። አንዲት ደንበኛዬ ልካልኝ ከሥሩ «አየህ፣ አንተን ብሰማ ኖሮ ገንዘቤን ጨርሼ ነበር» ብላ ጽፋበታለች። የሳቅ ኢሞጂም አልረሳችም። ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ማን እንደሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ ለአነስተኛ ቢሮዎችና ሱቆች ኔትወርክ መዘርጋትና ኮምፒውተር መጠገን ነው። ፋይበር አልሸጥም፣ ኮሚሽንም የለኝም። እንዲያውም ኔት አልሠራ ሲል የምጠራው እኔ ስለሆንኩ፣ ሰው ሁሉ በሆትስፖት ቢቀጥል ለኪሴ ይሻለኛል።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። ትንሽ ንግድ ኢንተርኔት የሚፈልገው ለቴሌግራም፣ ለቲክቶክና ለቴሌብር ስለሆነ የስልክ ዳታ ይበቃዋል። ፋይበር ተጠቀሙበትም አልተጠቀሙበትም በየወሩ ይከፈልበታል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። መንገድ ሲቆፈር ይበጠሳል። መንግሥት ኢንተርኔት ሲዘጋ ሁሉም እኩል ይዘጋል። 5ጂ እየገባ ስለሆነ የገመድ ጊዜ አልፏል። በዚያ ላይ ነጋዴው ተከራይ ነው፤ ነገ ውጣ ቢባል ገመዱን ነቅሎ አይሄድም። መጨረሻ ላይም «ሁለተኛ ሲም ግዛና ተገላገል» ብለው ይመክራሉ።

ጸሐፊው ነጋዴውን ከማያስፈልግ ወጪ ለማዳን ብለው እንደጻፉት ይታያል፤ ክፉ አላሰቡም። ከነጥቦቹም ልክ የሆኑ አሉ፣ እየደረስኩባቸው እነግራችኋለሁ። የመጀመሪያው ግን ልክ አይደለም። ሌላው ሁሉ ደግሞ የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነው።

«ለትንሽ ንግድ የስልክ ዳታ ይበቃል።» ለየትኛው ትንሽ ንግድ? ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ለሚሸጥ የሰፈር ሱቅ ከሆነ ተስማምቻለሁ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ጀምሮ አለ፤ በ*127# ከተገባ ደግሞ ጭራሽ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም የራሱ ሲም አለው። ለእንዲህ ያለው ሱቅ ፋይበር አስገባ ብሎ የሚመክር ካለ እኔም አብሬ እቃወመዋለሁ።

ጸሐፊው ግን «ትንሽ ንግድ» ሲሉ ዓይናቸው ላይ ያለው ይህ ሱቅ ብቻ ነው። አራት በአራት ክፍል ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር ይዞ ባነርና ስቲከር የሚሠራው ልጅስ? የዕቃ ሰነድ ስካን እያደረገ በሲንግል ዊንዶው፣ ማለትም የገቢና ወጪ ንግድ ፈቃድ በኢንተርኔት በሚጠየቅበት ሲስተም፣ የሚያስገባው ትራንዚተርስ? የአሥር ድርጅት ሂሳብ የምትሠራዋ የሂሳብ ባለሙያ፣ ሰርግ የሚቀርጸው ልጅ፣ የሕንፃ ፕላን የሚስሉት ሁለት ጓደኛሞችስ? ክፍላቸው ከሱቁ አይሰፋም፣ የሠራተኛ ቁጥራቸውም ያው ነው። ከኢንተርኔት የሚፈልጉት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። ሱቁ መልእክት ይቀበላል። እነዚህ ፋይል ይልካሉ። ሥራው አለቀ የሚባለውና ገንዘቡ የሚመጣው ፋይሉ ወዲያ ማዶ ሲደርስ ነው።

ይህ መላክ የሚባለው ነገር ከጽሑፉ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል። ጸሐፊው ፍጥነትን የሚለኩት ዩቲዩብ ተቆራረጠ አልተቆራረጠ ብለው ነው። ያ ማውረድ ነው፤ ለቤት ሰው ይበቃል። አፕሎዱ፣ ማለትም የመላኩ ፍጥነት፣ ግን ለብቻው ይለካል። በድሮው የመዳብ የስልክ መስመር በሚመጣው ኤዲኤስኤል በሚባለው ኢንተርኔት ቢበዛ 1 ሜጋ (በሰከንድ 1 ሜጋቢት) አካባቢ ነው። ከስልክ ጣቢያው በራቃችሁ ቁጥር ደግሞ መስመሩ እየደከመ ይሄዳል።

ሰርግ የሚቀርጸውን ልጅ እንውሰድ። ቪዲዮውን አቀናብሮ ጨርሷል፤ 8 ጂቢ ሆኗል። የሙሽራዋ እህት ዋሽንግተን ሆና ትጠብቃለች። በ1 ሜጋ ሲጫን፣ አንዴም ሳይቆራረጥ፣ 18 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ10 ሜጋ አፕሎድ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሂሳቡን በስልካችሁ ካልኩሌተር ሞክሩት፦ 8 ጂቢ 64,000 ሜጋቢት ነው፣ ለፍጥነቱ አካፍሉት። አዳር እየጫነ በ17ኛው ሰዓት የተቋረጠበት ሰው ዘንድ ሄዳችሁ «ፋይበር ቅንጦት ነው» ብትሉት ምን እንደሚላችሁ አላውቅም። ጥሩ ቃል እንደማይሆን ግን እገምታለሁ።

«4ጂም እኮ 10 ሜጋ ይልካል» የሚል አይጠፋም። ይልካል። እንዲያውም ጠዋት፣ ታወሩ ቅርብ ከሆነ፣ ከዚያም በላይ ይልካል። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሰፈሩ በሙሉ ቲክቶክ ሲከፍት ግን ያው ታወር ለሁሉም ይካፈላል፤ ያንተ ሥራ ቅድሚያ የለውም። ፋይበርም መጋራት አለበት፣ ይህን አልደብቅም። ከጣቢያው የሚወጣው አንድ ክር አብዛኛውን ጊዜ ለ32 ወይም ለ64 ደንበኛ ይከፈላል። ነገር ግን በተለመደው ጂፖን በሚባለው ዓይነት ያ አንድ ክር ወደ ደንበኛው 2.5 ጊጋ፣ ከደንበኛው ደግሞ 1.25 ጊጋ ያህል ያስተላልፋል። 32ቱም በአንድ ጊዜ ቢጭኑ ለእያንዳንዱ 39 ሜጋ ይደርሰዋል። ስለዚህ በፋይበር ገደብ የሚሆንባችሁ ብዙውን ጊዜ የከፈላችሁበት ፓኬጅ ነው።

ስለ ሆትስፖት አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። አንድ የሂሳብ ቢሮ ነው፣ የወር መጨረሻ። የግብር ማስታወቂያ በኢ-ታክስ የሚገባበት ሰሞን ማለት ነው፤ ሲስተሙ ራሱም ይጨናነቃል። ሦስት ልጆች በአለቃቸው ስልክ ሆትስፖት ይሠራሉ። ስልኩ መስኮቱ ደፍ ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ተቀምጧል፣ ኔትወርክ የሚይዘው እዚያ ብቻ ነው። ስልኩ ይጠራል። አለቃው ያነሳል። ቮልቲ (ጥሪን በራሱ በ4ጂ የሚያስተላልፈው) የማይሠራበት ስልክ ስለሆነ፣ ጥሪ ሲገባ ከ4ጂ ወደ 3ጂ ይወርዳል። ሦስቱም ልጆች ስክሪኑ ላይ የሚዞረውን ክብ ያያሉ። ደንበኛው ወሬ ያበዛል። ከደቂቃዎች በኋላ የአንዷ ገጽ ጊዜው አልፎበት አስወጣት፣ የሞላችውም ጠፋ። ከዚያ አለቃው «ባንክ ደርሼ ልምጣ» ብሎ ስልኩን ከመስኮቱ አነሳ። የቢሮው ኢንተርኔት በኪሱ ሆኖ ደረጃውን ወረደ።

ወደ ዋጋ ልሂድ። ጸሐፊው እዚህ ላይ ጠንከር ያሉ ይመስላሉ፣ ግማሽ እውነትም አላቸው። የፋይበር ወርሃዊ ክፍያ ገበያ ኖረ አልኖረ ይመጣል። ለድርጅት የሚሸጠው ፓኬጅም ከቤቱ ይወደዳል። ሥራ በቀዘቀዘበት ወር ያማል።

ችግሩ ጽሑፉ ያወዳደረው የፋይበሩን ሙሉ ክፍያ ከባለቤቱ አንድ የዳታ ፓኬጅ ጋር ብቻ መሆኑ ነው። የሌላው ሠራተኛ ፓኬጅስ? «ለሥራ ነው፣ ካርድ ሙላልኝ» ተብሎ የሚወጣው አይመዘገብም። ወሩ ሳያልቅ ዳታው አልቆ በላዩ የሚገዛው የቀን ፓኬጅም አይመዘገብም። ዊንዶውስ ሳታውቁት አፕዴት ሲያወርድ ጂቢዎቹን ይበላል፣ «ይሄ ነገር ምን በላው?» ተብሎ ሠራተኛ ይጠረጠራል። እኔ ለደንበኞቼ የምለው አንድ ነገር ነው። አንድ ወር ሙሉ ለኔት የወጣችውን እያንዳንዷን ብር ደብተር ላይ ጻፉ፣ የልጆቹን ካርድ ጨምሮ። ወሩ ሲያልቅ ደምሩ። ድምሩ ከፋይበሩ ክፍያ በጣም ካነሰ ጸሐፊው ልክ ናቸው፣ እርሱት። ከተቀራረበ ግን ወይ እኩል ገንዘብ እየከፈላችሁ የባሰ ኔት እየተጠቀማችሁ ነው፣ ወይ ደግሞ ዳታ እንዳያልቅ እየሰሰታችሁ ሥራ እያዘገያችሁ ነው። ሁለተኛው ደብተሩ ላይ አይታይም።

ዋናው ልዩነት አከፋፈሉ ላይ ነው። ሞባይል ዳታ በብዛት የሚሸጠው በጂቢ ነው። ፋይበር የሚሸጠው በፍጥነት ነው፤ ምን ያህል ላክሁ ብላችሁ አትቆጥሩም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በካሜራ ማየት ይቻላል። ሱቃችሁ ላይ የተሰቀለ አንድ የጥበቃ ካሜራ ምስሉን በ1 ሜጋ ብቻ ሌት ተቀን ወደ ክላውድ ቢልክ በቀን ወደ 11 ጂቢ፣ በወር ከ320 ጂቢ በላይ ይሆናል። ይህን በፓኬጅ የሚገዛ ሰው አላየሁም። በአንጻሩ ምስሉን እዚያው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥና አልፎ አልፎ በስልኩ ብቅ ብሎ የሚያይ ነጋዴ ዳታ ይበቃዋል።

ጎረቤት ተጋርቶ መክፈልን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ከአገልግሎት ሰጪው ጋር የምትፈራረሙት ውል መልሶ መሸጥን ይከለክል እንደሆነ አስቀድማችሁ አንብቡ። በኋላ ከጎረቤትም ከድርጅቱም ጋር እንዳትጣሉ።

መብራት። ሲጠፋ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ አዎ። የምትጠፋው ግን እናንተ ጋ ያለችው ሣጥን ነች። ከጣቢያው እስከ በራችሁ ያለው መስመር መብራት አይበላም፤ መሃል ላይ የሚያከፋፍለውም መሣሪያ መስታወት እንጂ ኤሌክትሪክ የለውም። ከመዳቡ ይልቅ እዚህ ላይ ፋይበር ይሻላል፣ ምክንያቱም በየሰፈሩ ለመዳቡ የቆሙት ካቢኔቶች መብራት ይፈልጋሉ። ሣጥኗ ደግሞ በ12 ቮልት የምትሠራ፣ ብትበላ 10 ዋት ገደማ የምትበላ ነገር ነች። ለራውተር ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ዩፒኤስ አለ። ውስጡ 12 ቮልት 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ቢኖረው 84 ዋት-ሰዓት ነው፤ የሚባክነው ተቀንሶ ስድስት ሰዓት ያህል ያቆያታል። ላፕቶፕ ካላችሁ ሥራ ይቀጥላል። «ዴስክቶፕ ከሆነስ?» ካላችሁኝ፣ እሱ በሞባይል ዳታም አይበራም።

ጽሑፉ ያላነሳው ሌላም ነገር አለ። መብራት ሲጠፋ የሰፈሩ ዋይፋይ ሁሉ ስለሚጠፋ ሰዉ በሙሉ ወደ ሞባይል ዳታ ይሸጋገራል። ታወሩ ራሱ ያን ጊዜ በባትሪ ወይም በጀነሬተር ላይ ነው። ዳታ የሚንቀረፈፈው በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ቁፋሮው ላይ ከጸሐፊው ጋር ብዙ አልከራከርም። ከ2016 ጀምሮ የኮሪደር ልማቱ ባለፈባቸው መንገዶች ፋይበር ስንቴ እንደተበጠሰ የሚያውቅ ያውቃል። ኤስካቫተር አይራራም። ጥገናውም የሚዘገይበት ጊዜ አለ፤ ይህ ቅሬታ ተገቢ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። አንደኛ፣ ያው ልማት ምሰሶ ላይ የተዘበራረቀውን ገመድ መሬት ውስጥ በቱቦ እየቀበረው ነው። ቁፋሮው ባለቀበት መንገድ ገመዱ ከድሮው የተሻለ ተጠብቋል፣ የጭነት መኪና ጎትቶ አይበጥሰውም። ስለዚህ መንገዳችሁ ገና ሊቆፈር ከሆነ ጠብቁ፣ ተቆፍሮ ካለቀ ግን የጽሑፉ ስጋት አብዛኛው አልፏል።

ሁለተኛ፣ «ፋይበሩ ተበጠሰ» ተብዬ ከምጠራባቸው ጊዜያት ቀላል የማይባለው ጉዳቱ ክፍሉ ውስጥ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ገብቼ ያችን ቀጭን ቢጫ ገመድ ከተሽከርካሪ ወንበር ጎማ ሥር አግኝቻታለሁ። ሌላ ቦታ ደግሞ እንዳትንዛዛ ተብሎ እንደ ክር ጥቅልል ተጠምጥማ በላስቲክ ታስራለች። ውስጧ መስታወት ነው፤ አጥብቃችሁ ካጠፋችኋት ብርሃኑ ያመልጣል። ሣጥኗ ላይ «ኤል ኦ ኤስ» የምትባል መብራት አለች። ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ካለች ብርሃን እየደረሰ አይደለም፤ መጀመሪያ ገመዷን ከሣጥኗ እስከ ግድግዳው ተከትላችሁ እዩ። ምንም ካላገኛችሁ ለአገልግሎት ሰጪው ደውላችሁ «ኤል ኦ ኤስ ቀይ ነው» በሉ። «ኔት አይሠራም» ከማለት ይህ ይሻላል፣ ምክንያቱም «አጥፍተው ያብሩት» ከሚለው ዙር ያወጣችኋል። ቀይ ካልሆነና ኔት ከሌለ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ አንዳንዴ ያልተከፈለ ቢል ነው።

መዝጋቱን በተመለከተ ጸሐፊው «ሁሉም እኩል ይዘጋል» ብለዋል። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ የሆነውን እያሰቡ ከሆነ፣ አዎ፣ ያኔ በአገር ደረጃ ሁሉም ነው የተዘጋው፤ ፋይበር ያለውም የሌለውም አንድ ሆነ። ሁልጊዜ ግን እንዲያ አልነበረም። በ2009 መጀመሪያ፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን፣ ለሳምንታት የተቋረጠው የሞባይል ዳታ ነበር፤ ቋሚ መስመር ያላቸው ቢሮዎች ይሠሩ ነበር። ሲም ብቻ ይዞ የነበረ ነጋዴ ልዩነቱን ያስታውሰዋል። ፋይበር ዋስትና ነው አልልም። ሁለቱ አንድ ዓይነት አደጋ አለባቸው ማለት ግን ያለፈውን መርሳት ነው።

5ጂን በአጭሩ ልለፈው። በግንቦት 2014 አዲስ አበባ ላይ ሲሞከር ጀምሮ «ገመድ ሊቀር ነው» ሲባል እሰማለሁ። 5ጂ ታወር ያን ሁሉ ዳታ ከየት ያመጣዋል? በአብዛኛው በሥሩ ከተዘረጋ ፋይበር ነው። ገመድ አልባው ከታወሩ እስከ ስልካችሁ ያለው የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ነው። ፋይበር ባልደረሰበት ሰፈር ላለ ነጋዴ ግን በሲም የሚሠራ የቢሮ ራውተር ጥሩ አማራጭ ነው፤ እዚያ ጋ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። የሌለ ፋይበር ላይ ክርክር የለም። ይህ በተለይ ከአዲስ አበባ ውጭ ላሉት ይሠራል።

ተከራይነትም እንዲሁ። ቤቱ ሊፈርስ ምልክት ከተደረገበት ወይም ኪራዩ በየወሩ የሚታደስ ከሆነ አታስገቡ፣ ለማን ብላችሁ? የአንድና የሁለት ዓመት ውል ካላችሁ ግን አድራሻ ማዛወር የሚባል ነገር አለ። ከመፈራረማችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ሲዛወር ስንት ያስከፍላል፣ የምሄድበት ሰፈር ፋይበር ከሌለ ውሉ ምን ይሆናል፣ ማውረጃው ሳይሆን አፕሎዱ ስንት ሜጋ ነው? ሦስተኛውን ብዙ ሻጭ ጥያቄ ካልቀረበለት አይናገረውም። አከራዩንም ግድግዳ ከመበሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ አንድ ቀዳዳ ስንት ወር እንደሚያኳርፍ አይቻለሁ።

የቀረው «ሁለተኛ ሲም ግዛ» የሚለው ምክራቸው ነው። እሱን ተቀበሏቸው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ከተለያየ ድርጅት ሁለት ሲም መያዝ ቀላል ሆኗል። ሲሙን ግን የአለቃው ስልክ ውስጥ አትክተቱት። ሲም የሚቀበል ራውተር ገዝታችሁ እሱ ውስጥ አድርጉት፣ ፋይበሩ ሲቋረጥ በራሱ ወደ ሲሙ እንዲሸጋገር አስተካክሉት። አነስተኛ ፓኬጅ ይበቃዋል። ለደንበኛዬም የመለስኩላት ይህንኑ ነው፤ እስካሁን ኢሞጂ አልላከችም።